ሁሉም አውራጅ ከሆነ ተቀባዩ ማን ነው?

ኦክቶበር 21 ቀን 1969 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ወደሚገኘው የቢትልሶች ኩባንያ ወደ «አፕል» አንድ ቴሌግራም ተላከ። የተጻፈው ለፖል ማካርትኒ ነው። ላኪዎቹ ሦስት ናቸው፤ ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ፣ ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ እና ድራመሩ ቶኒ ዊልያምስ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ኒውዮርክ ውስጥ አልበም ሊቀርጹ መሆኑን ገልጸው፣ ማካርትኒ መጥቶ ቤዝ ጊታሩን እንዲይዝላቸው ይጠይቃሉ።

በማግስቱ ከአፕል ሰዎች አንዱ የሆነው ፒተር ብራውን መልስ ሰጠ። ማካርትኒ ለእረፍት ከከተማ ወጥቷል፤ ለሁለት ሳምንት ያህልም አይመለስም። ነገሩ በዚሁ ቀረ። ቴሌግራሙ ከጊዜ በኋላ ሃርድ ሮክ ካፌ ካሰባሰባቸው የሙዚቃ ቅርሶች አንዱ ሆኗል።

የአራቱ ሰዎች ስም አንድ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ማየት ልብ ያሞቃል። ዴቪስ ያኔ የ43 ዓመት ሰው ነበር። በጃዝ አንቱ ከተባለ ቆይቷል፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ደግሞ ጃዝን ከሮክ ጋር ያጋባውን «ቢችስ ብሩ» የተባለውን አልበም ቀርጿል። የ26 ዓመቱ ሄንድሪክስ የዉድስቶክን ፌስቲቫል የዘጋው ዴቪስ ለዚህ ቀረጻ ስቱዲዮ ከመግባቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። ዊልያምስ ገና በ17 ዓመቱ የዴቪስ ባንድ ድራመር የሆነ የ23 ዓመት ወጣት ነበር። ማካርትኒ 27 ዓመቱ ሲሆን ቢትልስ ሊፈርስ ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር።

የሙዚቃ አፍቃሪዎች እንዲህ ያለውን ቡድን በሐሳባቸው ማሰለፍ ይወዳሉ። የኳስ ወዳጆች ቡና ይዘው ከየዘመኑ «ምርጥ 11» እንደሚመርጡት ሁሉ፣ የሮክ ወዳጆችም ከአንዱ ዘመን ድምፃዊ፣ ከሌላው ጊታሪስት፣ ከሌላው ድራመር እያመጡ የሕልም ባንድ ያቋቁማሉ። ክርክሩ የሚጦፈው ሁልጊዜ ሊድ ጊታሩ ላይ ነው። የቴሌግራሙ ላኪዎች የጎደላቸው ግን ሌላ ሰው ነበር። ቤዝ የሚይዝ፣ ከሥር ሆኖ የሌሎቹን ድምፅ የሚሸከም ሰው።

በእኛ ባህላዊ ዘፈን አውራጅና ተቀባይ አለ። አውራጁ ግጥሙን ያወርዳል፤ ተቀባዮቹ ያዜሙለታል፣ ያጨበጭቡለታል፣ ትንፋሽ እስኪሰበስብ ድረስ ዘፈኑን ይዘው ይቆዩለታል። ተቀባይ ያጣ አውራጅ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር ጨዋታው አይደምቅም። የሮክ ኮከቦች ተሰባስበው ያቋቋሟቸው ባንዶችም ዕጣቸው የተወሰነው በዚሁ ነገር ነው።

ዲሴምበር 4 ቀን 1956፣ ሜምፊስ፣ ቴነሲ። ካርል ፐርኪንስ በሳም ፊሊፕስ «ሰን» ስቱዲዮ ዘፈን እየቀረጸ ነው። ፒያኖ እንዲጫወትለት የተጠራው ገና ስም ያላወጣው ጄሪ ሊ ሉዊስ ነበር። ያኔ በመላው አሜሪካ የገነነው ኤልቪስ ፕሪስሊ ሰላም ሊላቸው ጎራ አለ። ጆኒ ካሽም እዚያው ነበር። ማንም ሳያሰልፋቸው ፒያኖው ዙሪያ ተሰብስበው መዝፈን ጀመሩ፤ ቴፑም ይቀርጽ ነበር። አንዱ በሌላው ላይ ብልጫ ለማሳየት አልሞከረም። ከዘፈኗቸው ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን የለመዷቸው መንፈሳዊ መዝሙሮች ነበሩ። ሁሉም ስለሚያውቋቸው አንዱ ሲያነሳ ሌላው ይቀበላል። የከተማው ጋዜጣ «ባለ ሚሊዮን ዶላሩ ኳርቴት» ብሎ ጻፈላቸው፤ ስሙም እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም።

ከአሥር ዓመት በኋላ በእንግሊዝ የተቋቋመው «ክሪም» የተለየ ታሪክ አለው። ኤሪክ ክላፕተን በጊታር፣ ጃክ ብሩስ በቤዝና በድምፅ፣ ጂንጀር ቤከር በድራም በ1966 ሲገናኙ እያንዳንዳቸው በየመሣሪያቸው ከአገሪቱ ምርጦች መካከል የሚቆጠሩ ነበሩ። ሙዚቃቸው የሮክን አቅጣጫ ለውጧል። ብሩስና ቤከር ግን ቀደም ሲል በግራሃም ቦንድ ባንድ ውስጥ አብረው ሳሉ እስከ መደባደብ የደረሱ ሰዎች ናቸው። አምፕሊፋየሮቹ እየበዙ፣ ድምፁ እየጮኸ፣ እያንዳንዱ የራሱን ብቻ እየሰማ ሄደ። ክላፕተን ከዓመታት በኋላ እንደተናገረው፣ አንድ ምሽት መድረክ ላይ ሆን ብሎ መጫወቱን ቢያቆም ሁለቱ አላስተዋሉትም። ኖቬምበር 1968 ለንደን በሚገኘው ሮያል አልበርት አዳራሽ የስንብት ኮንሰርታቸውን አቅርበው ተለያዩ።

ለመለያየታቸው አንድ አልበምም ምክንያት ነበር። ክላፕተን በ1968 የወጣውን «ዘ ባንድ» የተባለ ቡድን የመጀመሪያ አልበም ሰምቶ ልቡ ተሰብሮ ነበር። ማንም ጎልቶ ለመታየት የማይሽቀዳደምበት፣ ሁሉም ለዘፈኑ የሚያገለግልበት ሥራ ሆኖ አገኘው። ያንን ሕይወት ፍለጋ ከስቲቭ ዊንዉድ፣ ከሪክ ግሬች እና ከዚያው ከቤከር ጋር «ብላይንድ ፌይዝ»ን አቋቋመ። ጁን 7 ቀን 1969 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ 100,000 ያህል ሰው ፊት ቀረቡ። አልበማቸው በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ወጣ። ዓመቱ ሳያልቅ ግን ባንዱ ፈረሰ። አራቱ ገና በቅጡ ሳይዋሃዱ የትልቅ መድረክ ሸክም ተጭኖባቸው ነበር።

ለአንድ ቀን ብቻ ኖሮ የተሳካለትም አለ። ዲሴምበር 1968 ሮሊንግ ስቶንስ ባዘጋጁት ትርዒት ላይ ጆን ሌነን፣ ክላፕተን፣ የስቶንሱ ጊታሪስት ኪት ሪቻርድስና የሄንድሪክስ ድራመር ሚች ሚቸል «ዘ ደርቲ ማክ» በሚል ስም አብረው ተጫወቱ። ሌነንና ክላፕተን ጊታር ይዘዋል። ሪቻርድስ የራሱን መሣሪያ ትቶ ቤዝ አነሳ።

ከየዘመኑ የተውጣጣ የሕልም ባንድ በእውን ሲታይ ምን እንደሚመስል ከሁሉም በላይ ያሳየው ግን በ1988 ሎስ አንጀለስ ላይ የተወለደው «ትራቭሊንግ ዊልበሪስ» ነው። አመጣጡ እንደ ሠፈር ደቦ ነው። የቀድሞው ቢትል ጆርጅ ሃሪሰን በነጠላ ዘፈኑ ጀርባ የሚገባ አንድ ተጨማሪ ሥራ ፈለገ። የሃሪሰንን አልበም አብሮት የሠራው ጄፍ ሊን በወቅቱ ከሮይ ኦርቢሰን ጋርም እየሠራ ነበር። ሦስቱ እራት ላይ ተገናኝተው ተነጋገሩ። ስቱዲዮ ስላልነበራቸው ሃሪሰን ለቦብ ዲላን ደወለ፤ ዲላን ማሊቡ በሚገኘው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ አነስተኛ ስቱዲዮ ነበረው። የሃሪሰን ጊታር ደግሞ ቶም ፔቲ ቤት ተቀምጦ ስለነበር ሊወስድ ሲሄድ ፔቲንም ጠራው።

ጋራዡ ውስጥ ዜማው አለ፣ ርዕስ ግን የለም። ሃሪሰን ዞር ሲል አንድ ካርቶን ላይ «በጥንቃቄ ይያዝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ አየ። የዘፈኑ ርዕስ ይኸው ሆነ። ለኦርቢሰን ከፍ ብሎ ለሚወጣው ድምፅ የሚስማማ ክፍል ለብቻው ተሠራለት። ሥራው ሲቀርብላቸው የሪከርድ ኩባንያው የዋርነር ኃላፊዎች ይህ በነጠላ ዘፈን ጀርባ የሚባክን አይደለም አሉ፤ ሃሪሰንም ሙሉ አልበም ለመሥራት ወሰነ።

በዕድሜ ትልቁ ኦርቢሰን በ1936፣ ትንሹ ፔቲ በ1950 ነው የተወለዱት። ቁጥሩ ብቻ ግን ርቀታቸውን አያሳይም። ኦርቢሰን ከኤልቪስ ትውልድ ነው፤ እሱም እንደ ኤልቪስ በሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ ቀርጿል። በ1963 እንግሊዝ ሲዞር አብረውት የተጓዙት ወጣቶች ቢትልሶች ነበሩ፤ ሃሪሰን ያኔ 20 ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ሌነን ከቢትልሶች የመጀመሪያ ትልቅ ዘፈኖች አንዱን የጻፈው እንደ ኦርቢሰን የመዝፈን ምኞት ይዞ ነበር። ሊን በ1968 ገና ጀማሪ ሳለ ቢትልሶች ሲቀርጹ ለማየት አቢ ሮድ ስቱዲዮ የገባ የበርሚንግሃም ልጅ ነው። ፔቲ በ10 ዓመቱ ፍሎሪዳ ውስጥ ኤልቪስ ፊልም ሲሠራ አይቶ ለሙዚቃ የተሸነፈ ነው። ሁሉም ከመገናኘታቸው በፊት አንዱ የሌላው አድማጭ ነበሩ።

ዲላን ለኮንሰርት ጉዞ መውጫው ስለደረሰ ለዘፈኖቹ መሠረት የነበራቸው ጊዜ በሜይ አሥር ቀን ያህል ብቻ ነበር። የዩሪትሚክሱ ዴቭ ስቱዋርት ቤት ውስጥ፣ ኩሽናው ውስጥ ወንበር ስበው አምስት አኩስቲክ ጊታር በአንድ ላይ ቀረጹ። ድራመሩ ጂም ኬልትነር ለአንዱ ዘፈን ምት የፍሪጁን መደርደሪያዎች በድራም እንጨት መታ። አልበሙ ኦክቶበር 1988 ሲወጣ የአንዳቸውም እውነተኛ ስም አልነበረበትም። ኔልሰን፣ ኦቲስ፣ ሌፍቲ፣ ቻርሊና ላኪ የሚባሉ የአንድ አባት ልጆች ሆነው ቀረቡ። ስምን በር ላይ አስቀምጦ መግባት ማለት ይህ ነው። ሃሪሰን የቢትልስን፣ ዲላን የራሱን አፈ ታሪክ ተሸክሞ ቢገባ ኖሮ ኩሽናው ባልበቃቸው ነበር።

ኦርቢሰን ዲሴምበር 6 ቀን 1988 በልብ ድካም አረፈ፤ 52 ዓመቱ ነበር። ጓደኞቹ ከዚያ በኋላ በሠሩት የሙዚቃ ቪዲዮ ላይ የእሱ ድምፅ በሚሰማበት ቦታ ካሜራው ባዶ የሚወዛወዝ ወንበርና በላዩ የተቀመጠ ጊታር ያሳያል። በቦታው ሌላ ኮከብ አልተኩም። በ1990 የወጣውን ሁለተኛ አልበም አራት ሆነው ነው የሠሩት።

ይህ መንፈስ በቀጣዩ ትውልድም ታይቷል። የኒርቫናው ድራመር ዴቭ ግሮል የተወለደው የሌድ ዘፕሊን የመጀመሪያ አልበም አሜሪካ ውስጥ በወጣ በሁለተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1969 ነው። በ2009 ያ ሰው ከሌድ ዘፕሊኑ ቤዚስት ከጆን ፖል ጆንስ እና ከጆሽ ሆም ጋር «ዜም ክሩክድ ቨልቸርስ» የተባለ ባንድ አቋቁሞ ከልጅነት ጀግናው ጎን ድራም መታ። በዲሴምበር 2012 ደግሞ የቀሩት የኒርቫና አባላት ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ከፖል ማካርትኒ ጋር አዲስ ዘፈን ተጫወቱ። የሟቹን የባንዱን መሪ የኩርት ኮቤይንን ቦታ ይሙላ ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ማካርትኒም የኒርቫናን ዘፈን አልነካም።

ዘመን ተሻጋሪ ባንድ ለመፈለግ ለንደንና ሎስ አንጀለስ ብቻ መሄድ አያስፈልግም። የሳክስፎኑ ንጉሥ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ በ1935 ተወልደው በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ሥራ የጀመሩ ሰው ናቸው። በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫውተዋል። ጀግና የሚሸልልበትን፣ የሚፎክርበትን ድምፅ ወስደው ሳክስፎን እንዲሸልል አደረጉት። መድረክ ላይም እንደ ጥንቱ አርበኛ የአንበሳ ጎፈር ደርበው ይወጡ ነበር።

በ2004 የሆላንዱ የፐንክ ሮክ ባንድ «ዘ ኤክስ» የተመሠረተበትን 25ኛ ዓመት ሲያከብር ጋሽ ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዛቸው። ፐንክ የተወለደው እሳቸው ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ሳክስፎን ከነፉ በኋላ ነው። እሳቸው ግን ወጣቶቹ ሲጫወቱ ሰምተው አልሸሹም፤ ከእነሱ ጋር አልበም ለመቅረጽ ራሳቸው ጠየቁ። የባንዱ አባላት የጋሽ ጌታቸውን ዜማዎች አጥንተው በጊታርና በድራም ተቀባይ ሆኑላቸው። በ2006 የወጣው «ሞዓ አንበሳ» የዚህ ውጤት ነው። 71 ዓመት የሞላቸው አዛውንት ያወርዳሉ፤ ፐንኮቹ ይቀበላሉ። በ2016 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የዘለቀ ወዳጅነት ከዚህ ተወልዷል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ የሕልሙን ባንድ ማሰለፍ ይቻላል። ድምፅ ሮይ ኦርቢሰን፤ ከአራት ታናናሾቹ መካከል ቆሞ ማንንም ሳይጋፋ የዘፈነ። ቤዝ ጆን ፖል ጆንስ፤ በሌድ ዘፕሊን ነጎድጓድ መሐል መሬቱን አጥብቆ የያዘ። ድራም ጂም ኬልትነር፤ ዘፈኑ የፍሪጅ መደርደሪያ ከጠየቀ መደርደሪያ የሚመታ። ጊታር ጂሚ ሄንድሪክስ፤ በስሙ ከመታወቁ በፊት ከሊትል ሪቻርድና ከአይዝሊ ብራዘርስ ኋላ ቆሞ ተቀባይነትን የተማረ። ሳክስፎን ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይገባል። ሄንድሪክስ ዉድስቶክ ላይ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር በጊታር ሲጫወት በዜማው መሐል የቦምብና የሚሳይል ድምፅ አሰምቷል፤ አገሩ ቬትናም ውስጥ ጦርነት ላይ ነበረች። ጊታር ጦርነትን ሲናገር ዓለም የሰማው ያኔ በ1969 ነው። ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ በዚያን ጊዜ ሽለላን በሳክስፎን መጫወት ከጀመሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።