ሲግናሉ በርትቶ ምስሉ የጠፋበት ዘመን

የዲጂታል ቴሌቪዥን ምስል ሲቆራረጥ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው የሲግናሉን መድከም ነው። አሜሪካ ከአናሎግ ወደ ዲጂታል የተሻገረችበት ታሪክ ግን የሚመሰክረው ሌላ ነው፤ ተቀባዩን ለዓመታት የፈተነው የሲግናሉ ማነስ ሳይሆን መበላሸቱ ነበር። በአናሎግ ዘመን ከሕንፃ ተላትሞ የዘገየ ሞገድ ስክሪኑ ላይ ድርብ ምስል ቢፈጥር ተመልካቹ እያማረረም ቢሆን ያያል። የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ያጸደቀው ኤይት ቪኤስቢ የሚባለው ስልት ግን መካከለኛ የለውም። ሲግናሉ ከጫጫታው በ15 ዴሲቤል ገደማ ከበለጠ ምስሉ ጥርት ይላል፤ ከዚያ ሲወርድ ጭርሱን ይጠፋል። 300 ሜትር ዞሮ የመጣ ሞገድ አንድ ማይክሮሰከንድ ይዘገያል፤ በዚያች ቅጽበት ከ10 የሚበልጡ ምልክቶች ስለሚያልፉ የዘገየው በአዲሱ ላይ ይደረባል። የተቀባዩ ቲዩነር በቂ ኃይል እየደረሰው ይደናገራል።

ክርክሩ የከረረው በ1999 ነው። የብዙ ጣቢያዎች ባለቤት የሆነው ሲንክሌር ባልቲሞር ውስጥ ባደረገው ሙከራ በኤይት ቪኤስቢ የሚሠሩት ተቀባዮች በቤት ውስጥ አንቴና ሲፈተኑ፣ አውሮፓ በመረጠችው የኮፍዲኤም ስልት ከሚሠሩት ደክመው ተገኙ። ጣቢያዎች ኮፍዲኤምንም እንዲጠቀሙ ይፈቀድ ሲል ያቀረበውን ጥያቄ ኮሚሽኑ በ2000 መጀመሪያ ውድቅ አደረገ። ይህን እንደ ግትርነት የቆጠሩት ጥቂት አልነበሩም፤ ቅሬታውም መሠረት ነበረው። የሥርዓቱ ደጋፊዎች ግን በእኩል ኃይል ኤይት ቪኤስቢ ራቅ ብሎ እንደሚደርስ፣ ጉድለቱም የተቀባዩ እንጂ የማሠራጫው እንዳልሆነ ይከራከሩ ነበር። ጊዜ የፈረደው ለእነሱ ይመስለኛል። በ2004 ገደማ የታየው የኤልጂና የዜኒት አምስተኛ ትውልድ ቺፕ፣ የዘገዩትን ሞገዶች ለይቶ የሚያርመው ክፍሉ ተሻሽሎ፣ ማሠራጫው ምንም ሳይነካ ቀድሞ ያቃተውን ሲግናል ማንበብ ቻለ። የመጀመሪያዎቹን ተቀባዮች በውድ ለገዙ ሰዎች ይህ ማጽናኛ እንደማይሆን ግልጽ ነው።

ታዲያ ደካማ ሲግናል የመያዝ አቅም ዋጋ የለውም ወይ? ከማሠራጫ ርቆ ለሚኖር ገበሬ አለው። ሆኖም መንግሥት በ40 ዶላር ኩፖን ለደጎማቸው ዲጂታሉን ወደ አናሎግ መቀየሪያ ሣጥኖች ያወጣው መስፈርት ታችኛውን ብቻ ሳይሆን ላይኛውንም ጠርዝ ይወስን ነበር፤ ሣጥኑ ከዜሮ በታች ከ83 እስከ 5 ዲቢኤም ያለውን ሁሉ መቻል ነበረበት። በሁለቱ መካከል ያለው የኃይል ልዩነት ከ60 ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። ታችኛው ጠርዝ የሙቀት ጫጫታ ከሚፈቅደው ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ ከዚያ በታች የሚገኘው ትርፍ ትንሽ ነው። ማሠራጫ አጠገብ ሆኖ ማጉያ የሚጨምር ሰው ደግሞ ቲዩነሩን አጨናንቆ ይዞት የነበረውን ጣቢያ ሊያጣ ይችላል።

ጉድለቱ የተቀባዩ ነው ለሚለው ክርክር የሚከብደው ማስረጃ የፊላደልፊያው ቻናል 6 ነው። ጁን 12 ቀን 2009 ሙሉ ኃይል ያላቸው ጣቢያዎች አናሎጋቸውን ሲዘጉ ይህ ጣቢያ በዝቅተኛው የቪኤችኤፍ ሞገድ ላይ ቀረ፤ ብዙ ቤቶችም አጡት። በዚያ ሞገድ ላይ የቤት ዕቃዎች የኤሌክትሪክ ጫጫታ ይበረታል፣ ትንንሽ አንቴናዎችም ለሞገዱ አይመጥኑም። ጫጫታው ከሲግናሉ ጋር በአንቴናው አብሮ ስለሚገባ የተሻለ ቲዩነር አይፈታውም፤ ኮሚሽኑም ጣቢያው የማሠራጫ ኃይሉን እንዲጨምር ፈቀደለት።