ሰዎቹ ተባረሩ፣ ቃላቸው ወጥ ቤት ቀረ

"አሴይቴ" አለች ጓደኛዬ ለባለሱቁ። ዘይት ልትገዛ ነው። ኮርዶባ ከገባሁ ገና አንድ ሰዓት አልሞላኝም፣ ከስፓኒሽም አንድ ቃል አላውቅም። ግን ገባኝ። ዐረብኛው "ዘይት" ነው፤ "አል" ከፊቱ ሲገባ "አዘይት" ይሆናል። የኛም አማርኛ ዘይት ይላል።

"ይሄማ ዐረብኛ ነው እኮ!" ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና እሷ ቤይሩት አንድ ሕንፃ ላይ ነበርን፤ እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሷ አምስተኛ። የምንገናኘው ልብስ ለማስጣት ጣሪያ ላይ ስንወጣ ነበር። በኋላ አሠሪዎቿ ወደ ስፔን ይዘዋት ሄዱ፤ እዚያው ቀረች፣ ወረቀቷንም አገኘች፣ ዛሬ ኮርዶባ ውስጥ አንዲት አሮጊት ትጦራለች። ዘንድሮ የምሠራባቸው ሰዎች ለእረፍት ሴቪያ ሲሄዱ እኔንም ወሰዱኝ። አንድ ቀን ለምኜ አንድ ዓርብ ተሰጠኝ። ከሴቪያ ኮርዶባ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ባቡር ጣቢያ ተቃቅፈን ካለቀስን በኋላ መጀመሪያ የነገረችኝ፣ "እህቴ፣ የፈለግሽውን አውሪኝ፣ ዐረብኛ ግን እንዳታወሪኝ" የሚል ነው። ቤይሩት መጀመሪያ የሰማቻቸው ሦስት ቃላት "ያላ"፣ "ታዒ" እና "ናድፊ" ናቸው፤ ቶሎ በይ፣ ነይ፣ አጽጂ። "ያንን ቋንቋ ስሰማ እጄ ራሱ መጥረጊያ ይፈልጋል" አለችኝ። አልፈረድኩባትም።

ግን ኮርዶባ እንዲህ ዓይነት ሕግ የሚከበርበት ከተማ አይደለም። ሮማውያን ሠርተውት ከእነሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ሲጠግኑት በኖሩት ድልድይ ላይ ቆመን የወንዙን ስም ጠየቅኳት። "ጓዳልኪቪር" አለች። ዋዲ አልከቢር፣ ትልቁ ወንዝ። ዝም አልኩ፣ እሷም የገባኝ ገባትና ዞር ብላ መንገድ ጀመረች።

ከድልድዩ ማዶ የከተማው ትልቁ ሕንፃ አለ። መስጊድ ነበር፣ አሁን ካቴድራል ነው፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም "ሜስኪታ" ይለዋል፣ መስጊድ ማለት ነው። ያስጀመረው አብዱራህማን የሚባል ስደተኛ ነው። ስደተኛ ያልኩት ለማሳመር አይደለም። በ750 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቤተሰቦቹ ሶርያ ውስጥ ከሥልጣን ወርደው ሲታረዱ፣ እሱ በሃያ ዓመቱ ገደማ ሸሽቶ ሰሜን አፍሪካን አቋርጦ በ755 ስፔን ገባ። ባሕሩን ቀድሞ ተሻግሮ መንገዱን ያመቻቸለት በድር የሚባል ነፃ የወጣ ባሪያው ነው። በዓመቱ ኮርዶባን ያዘ፣ በ785 ገደማ ደግሞ መስጊዱን አስጀመረ። ከከተማው ውጭ የሠራውን ቤተ መንግሥት ሶርያ ውስጥ ባደገበት ቦታ ስም "ሩሳፋ" አለው። እንደሱ ከአገሯ ርቃ ለበቀለች አንዲት የቴምር ዛፍም ግጥም ጽፏል። አሚር ሆኖም አገሩ አልወጣለትም።

ውስጡ ስንገባ ሁለታችንም ድምፅ አጣን። ዛሬ 856 ያህል ዓምዶች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ የመጡት ከፈረሱ የሮማውያንና የቪዚጎቶች ሕንፃዎች ነው። ስለዚህ ቀለማቸውም ቁመታቸውም አይመሳሰልም። አጭር ስለሆኑ ጣሪያው ዝቅ እንዳይል ግንበኞቹ በአንዱ ቅስት ላይ ሌላ ቅስት ደረቡበት። ዓለም የሚያደንቀው የቀይና የነጭ ቅስት ድርድር የመጣው፣ በተገኘው ድንጋይ መሥራት ከሚያውቅ ሰው ብልሃት ነው። በመሃሉ ደግሞ ከ1523 ጀምሮ የተሠራ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ጓደኛዬ አማተበች፣ እኔም አማተብኩ፣ ከዚያ ወጥተን ብርቱካን ዛፎቹ ሥር ተቀመጥን።

እዚያ ስለ ደወሎቹ ነገረችኝ፤ አሮጊቷ ናቸው የነገሯት። በ997 የኮርዶባው ጦር መሪ አልመንሱር እስከ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ዘምቶ የሳንቲያጎን ቤተ ክርስቲያን ደወሎች ማረከ። በክርስቲያን ምርኮኞች ትከሻ አሸክሞ አስመጣቸውና ለዚህ መስጊድ መብራት ማንጠልጠያ አደረጋቸው። በ1236 ንጉሥ ፈርዲናንድ 3ኛ ኮርዶባን ሲይዝ ደወሎቹን መልሶ ላካቸው፤ በሙስሊም ምርኮኞች ትከሻ።

"ንጉሡ ይቀየራል፣ ሃይማኖቱ ይቀየራል፣ ተሸካሚው ግን ያው ምስኪን ነው" አለች። አሮጊቷን በቀን ስንቴ እንደምታነሳ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ወገቧን ይዛ ነበር የምታወራው።

ምሳ ጾም ነበርን። የኮርዶባ ስመ ጥሩ ምግብ "ሳልሞሬሆ" ነው፤ ቲማቲም፣ ዳቦ፣ ነጭ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት አብሮ ተፈጭቶ ቀዝቃዛ የሚበላ፣ ላዩ ላይ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ የሚነሰነስበት። ለኛ አልሆነም። ያዘዝነው ከእሱ የሚቀድመውን "ማሳሞራ" ነው። ቲማቲም ወደ አውሮፓ የመጣው ከ1492 በኋላ ከአሜሪካ ነው፤ ከዚያ በፊት በቲማቲሙ ፋንታ ዐረቦች ሎዝ የሚሉት ይፈጭ ነበር። እኛ ስሙን ወስደን ለኦቾሎኒ የሰጠነው እሱ ነው። ነጭ ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ያለ እንቁላል አምጡልን ብለን ጠግበን በላን። ተከትሎ የተጠበሰ ደበርጃን ከሸንኮራ አገዳ ማር ጋር መጣ። ስሙ "ቤሬንሄና" ነው። ቤይሩት "ባቲንጃን" እያልኩ ስንቱን ላጥኩት!

በዚህ ከተማ ስለ ማዕድ ሲወራ የማይቀር አንድ ሰው አለ፣ ዚርያብ። ነፃ የወጣ ባሪያ፣ ሙዚቀኛ፣ በ822 ከባግዳድ ተሰዶ የመጣ። ዚርያብ ጥቁር ዘፋኝ ወፍ ማለት ነው፤ በቆዳው ጥቁረትና በድምፁ ማማር የተነሳ ወጣለት ይባላል። ምግብ ሁሉ ባንዴ ከሚከመር መጀመሪያ ሾርባ፣ ቀጥሎ ሥጋ፣ መጨረሻ ጣፋጭ ይቅረብ ያለው፣ በብረት ዋንጫ ፋንታ ብርጭቆ ያስለመደው እሱ ነው ብለው የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ይህን ስሰማ ሣቄ መጣ። ማዳም "ሾርባውን ቀድመሽ" ስትለኝ የኖረችው የአንድ ጥቁር ስደተኛን ትእዛዝ ኖሯላ!

ጓደኛዬም በመጨረሻ ሳቀች፣ ከዚያ ሳልጠይቃት መቁጠር ጀመረች። ስኳር "አሱካር"። ሩዝ "አሮስ"። መጋዘን "አልማሴን"። ለአሮጊቷ በየማታው የምታስተካክለው ትራስ "አልሞአዳ"፤ የቤይሩቱ "ምኸዴ"። ልብስ የምታሰጣበት ጣሪያ "አሶቴያ"፤ እኔና እሷ የተገናኘንበት "ሳጥሕ"። ግንበኛው "አልባኚል"። ቆጥራ ስትጨርስ፣ "ሁሉም የሥራ ቃል ነው" አለች።

እውነቷን ነው። እነዚህን ቃላት ማንም አዝዞ አላቆያቸውም፤ እንዲያውም የታዘዘው ተቃራኒው ነው። የመጨረሻው የሙስሊሞች መንግሥት ግራናዳ በ1492 ወደቀ፤ በዚያው ዓመት አይሁዶች ከስፔን ተባረሩ። ኮርዶባ ውስጥ በ1315 የተሠራችው ትንሽ ምኩራባቸው እስከ ዛሬ ቆማለች። የቀሩት ሙስሊሞች በግድ ተጠመቁ። በ1567 ንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ ያወጣው አዋጅ በሦስት ዓመት ውስጥ ዐረብኛ መናገርም ማንበብም መጻፍም አቁሙ አላቸው። በዚያው ሰበብ በ1568 ግራናዳ ላይ ዐመፅ ተነሳ፤ ከተሸነፉ በኋላ ከቤታቸው ተነቅለው በየከተማው ተበተኑ፣ አንዳንዶቹም እዚሁ ኮርዶባ። በመጨረሻ ከ1609 እስከ 1614 ወደ 300,000 የሚሆን ሰው ከአገር ተባረረ። ተጠምቀናል፣ የተወለድነው እዚህ ነው ቢሉም አልዳኑም።

ከአገር መባረር ምን እንደሆነ ይህን መጽሔት ለሚያነብ ሰው አልነግርም። የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ያባረሩት ሰዎች ማታ ቤታቸው ገብተው ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ ትራሱን ሲጠሩ የተባረሩትን ቃል ነበር የሚጠቀሙት፤ አራት መቶ ዓመት አልፎም ይጠቀሙበታል። ቋንቋ የአዛዥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከአዋጁ ጋር ባለቀ ነበር። ያቆየው ያበሰለው፣ የገነባው፣ ያነጠፈው ሰው እጅ ነው። እኛም ወጥ ቤት ቆመን የለመድነው ዐረብኛ የማዳም ብቻ አይደለም፤ ደክመንበታል፣ የኛም ነው።

ይህን ለጓደኛዬ በዚህ መልክ አልነገርኳትም፣ ባቡሩም ሊደርስ ነበር። ወደ ጣቢያው ስንሄድ አንድ ሞሮኳዊ ቅመም የሚሸጥበት ሱቅ ገባን። ቴምሩን አንስታ፣ ቀና ብላ፣ "አዴሽ?" አለችው። ስንት ነው ማለቷ ነው፣ በቤይሩት አነጋገር። ሰውዬው ደነገጠና በዐረብኛ "ሊባኖሳዊት ነሽ?" ሲል ጠየቃት።

"ኢትዮጵያዊት ነኝ" አለችው፣ በዚያው በዐረብኛ። "ሊባኖስ ሠርቻለሁ።"

ቴምሩን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ቦርሳዬ ውስጥ ጨመረችልኝ። ሴቪያ እስክደርስ አለቀ።