አድቬንት ኦፍ ኮድ

አድቬንት ኦፍ ኮድ ከ2015 ጀምሮ በየዓመቱ በዲሴምበር ወር የሚቀርብ የፕሮግራም እንቆቅልሾች ተከታታይ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። አዘጋጁ ኤሪክ ዋስትል የተባለ አሜሪካዊ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነው። ተሳታፊው ጥያቄውን ያነብባል፣ የተሰጠውን ዳታ ራሱ በጻፈው ፕሮግራም ያሰላል፣ ከዚያ መልሱን ብቻ ያስገባል፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ አንድ ቁጥር ወይም አጭር ቃል ነው። ኮዱን የሚያይ የለም፤ በየትኛው ቋንቋ ተጻፈ ብሎ የሚጠይቅም የለም። ዝግጅቱ የፕሮግራም ቋንቋ ወዳጆች ሁሉ ዓመታዊ መገናኛ ለመሆን የበቃው በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው።

ስሙ ጀርመኖች ካስለመዱት የአድቬንት ካላንደር የመጣ ነው። ምዕራባውያኑ ገናን እስኪያከብሩ ድረስ ልጆች በየዕለቱ አንዲት የወረቀት በር እየከፈቱ ሥዕል ወይም ቸኮሌት ያገኙበታል። ፕሮግራመሮችም ልማዱን ቀድመው ወስደውታል። የፐርል ተጠቃሚዎች በየቀኑ አንድ ጽሑፍ የሚወጣበት ካላንደር ከ2000 ጀምሮ ነበራቸው፤ ዛሬ ራኩ የሚባለው ፐርል 6 ደግሞ በ2009 የራሱን ጀመረ። እነዚያ ግን ተነብበው የሚያልፉ ነበሩ። ዋስትል ከበሩ ጀርባ ያስቀመጠው ሥራ ነው።

አዲስ ጥያቄ የሚለቀቀው በአሜሪካ ምሥራቃዊ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ይህም ዋሽንግተን ዲሲ ላለው ኢትዮጵያዊ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ አዲስ አበባ ላለው ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ዱባይ ላለው 3 ሰዓት ማለት ነው። ለፍጥነት ለሚሽቀዳደም ሰው አዲስ አበባ ከዋሽንግተን ትሻላለች፤ ቢያንስ እንቅልፉን ጠግቦ፣ ቁርሱን በልቶ ይቀመጣል። የየዕለቱ ጥያቄ የገና አባትንና ኤልፍ የሚባሉ ረዳቶቹን በሚመለከት የቀልድ ታሪክ ተጠቅልሎ ይመጣል። ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለተኛው የሚታየው የመጀመሪያው ሲመለስ ብቻ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል አንድ የወርቅ ኮከብ ያስገኛል። እስከ 2024 ድረስ በዓመት 25 ቀን፣ 50 ኮከብ ነበር። የመጨረሻዋ ኮከብ ጥያቄ የላትም፤ የቀሩትን 49 የሰበሰበ ይወስዳታል። የሚሰጠው ዳታ ከሰው ሰው ስለሚለያይ የጓደኛን መልስ መገልበጥ አያዋጣም። የተሳሳተ መልስ ያስገባም እንደገና ለመሞከር ጥቂት መጠበቅ አለበት።

የ2015ቱ የመጀመሪያ ቀን ጥያቄ የዋስትልን ስልት በደንብ ያሳያል። የገና አባት አንድ ረጅም ሕንፃ ውስጥ ገብቶ የሚፈልገው ፎቅ ጠፍቶታል። በእጁ ያለው መመሪያ ቅንፍ ብቻ ነው፤ የሚከፍት ቅንፍ አንድ ፎቅ ውጣ፣ የሚዘጋ ቅንፍ አንድ ፎቅ ውረድ ማለት ነው። ከግራውንድ ተነሥቶ በመጨረሻ የት ይደርሳል? ለዚህ ፕሮግራም መጻፍ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል፤ ሁለቱን ቅንፎች ለየብቻ ቆጥሮ መቀናነስ ይበቃል። ሁለተኛው ክፍል ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤዝመንት ያስገባው ስንተኛው ቅንፍ እንደሆነ ይጠይቃል። አሁን ቅደም ተከተሉ ዋጋ አገኘ፤ በጅምላ የቆጠረው ሰው ከዜሮ ይጀምራል፣ አንድ በአንድ የተከተለው ግን አንዲት መስመር ጨምሮ ይጨርሳል። የጥያቄው ርዕስ ሳይቀር ሊስፕን፣ በቅንፍ ብዛቱ የሚታማውን ቋንቋ፣ ጎንተል ያደርጋል።

ይህ ስልት የተዋጣለት በ2021ዱ የስድስተኛ ቀን የዓሣ ጥያቄ ላይ ይመስለኛል። እያንዳንዱ ዓሣ በየ7 ቀኑ አንድ ሌላ ይወልዳል፤ አዲስ የተወለደው ግን ለመጀመሪያ ዙሩ 2 ቀን ተጨማሪ ይፈልጋል። ለምሳሌ በቀረቡት 5 ዓሦች ሲሰላ ከ80 ቀን በኋላ 5,934 ይሆናሉ። ጀማሪው ዓሦቹን በዝርዝር ይደረድራል፣ በየቀኑ የእያንዳንዱን ቁጥር ይቀንሳል፣ አዲሶቹን ከኋላ ይጨምራል፤ መልሱም በቅጽበት ይመጣል። ሁለተኛው ክፍል የለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 80ው 256 ሆነ። ውጤቱ 26,984,457,539 ነው። ቀኑ ሦስት እጥፍ ያህል ሲጨምር ዓሦቹ ከ4.5 ሚሊዮን እጥፍ በላይ በዙ። ለአንድ ዓሣ አንድ ባይት ብቻ ቢመደብ እንኳ 27 ጊጋባይት ገደማ ሜሞሪ ያስፈልጋል፤ ላፕቶፑ ይንቀረፈፍና ፕሮግራሙ መሐል ላይ ይቆማል። መፍትሔው ዓሦቹን አንድ በአንድ መዘርዘር ትቶ በየቀሪ ቀናቸው መድቦ መቁጠር ነው። ለመውለድ እኩል ቀን የቀራቸው ዓሦች በምንም ስለማይለያዩ ከ0 እስከ 8 ላሉት ቀናት ዘጠኝ ቁጥሮች መያዝና በየቀኑ ማሸጋሸግ ይበቃል። 256 ዙር ለዛሬ ኮምፒውተር ምንም አይደለም።

የ2019ኙ ዓመት ለየት ያለ ነበር። በሁለተኛው ቀን ተሳታፊው ኢንትኮድ የተባለ ትንሽ ምናባዊ ኮምፒውተር እንዲሠራ ተጠየቀ፤ ትእዛዞቹ ሦስት ነበሩ፤ 1 ደምር፣ 2 አባዛ፣ 99 አቁም። በዚያው ቀን እንዲገኝ የተፈለገው ቁጥር 19690720 ነው፤ አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ያረፈበት ቀን። ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ ገደማ ማሽኑ ይመለሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ዙሮችም አዳዲስ ትእዛዝ ተጨምሮለታል። በ13ኛው ቀን ኳስና ጡብ ያለበት ጌም አጫወተ፤ በመጨረሻው ቀን በጽሑፍ የሚካሄድ የጀብዱ ጌም አስኬደ። ብዙዎች ምርጡ ዓመት ይሉታል። የሚያማርሩትም እውነት አላቸው፤ በአምስተኛው ቀን የተደበቀች ስሕተት ከሳምንት በኋላ ብቅ ትላለች፣ ማሽኑን ያላስተካከለም ቀጣዮቹን የኢንትኮድ ጥያቄዎች መፍታት አይችልም።

ዋስትል ለመሳተፍ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት እንደማያስፈልግ፣ ጥቂት ፕሮግራም መጻፍ መቻል እንደሚበቃ ይገልጻል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህ ልክ ነው። ወሩ ሲጋመስ ግን አባባሉ ትንሽ ይሳሳል፤ የ2020ው የ13ኛ ቀን የአውቶቡስ ጥያቄ የቻይናውያን የቀሪ ቴዎረም የሚባለውን ለማያውቅ ሰው ከባድ ነበር። የማሽን ጉዳይ ግን አያሳስብም። እያንዳንዱ ጥያቄ የአሥር ዓመት ዕድሜ ባለው ኮምፒውተር ላይ ከ15 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ የሚፈታ መንገድ እንዲኖረው ተደርጎ ይዘጋጃል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ለያዘ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መልሱ ከቋንቋ ነፃ በመሆኑ ዲሴምበር አዲስ ቋንቋ የሚለመድበት ወር ሆኗል። አንዱ ረስትን፣ ሌላው ሃስኬልን ወይም ክሎዠርን ይጀምራል፤ በየቀኑ ቋንቋ የሚቀያይሩ አሉ፣ በኤክሴል የሚፈቱም አሉ። የቋንቋ ሠሪዎቹ ራሳቸው ይሳተፋሉ። ኤሊክሲርን የፈጠረው ጆዜ ቫሊም ጥያቄዎቹን በቀጥታ ስርጭት እየፈታ አሳይቷል፤ የኮትሊን ፈጣሪ ጄትብሬይንስም እንዲሁ ለዓመታት ዝግጅት ሲያሰናዳ ቆይቷል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት መማሪያ መጽሐፉ የታወቀው ፒተር ኖርቪግ በፓይተን የሠራቸውን ከነማብራሪያቸው ያወጣል። የዓሣው ጥያቄ በኤፒኤል አንድ መስመር፣ በጃቫ አንድ ገጽ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ስለ ቋንቋዎቹ ከማስታወቂያቸው የበለጠ ይናገራል። ቋንቋን ነፃ የሚተው ውድድር ከዚህ በፊትም ነበር። ከ1998 ጀምሮ የሚካሄደው የአይሲኤፍፒ ውድድር በቡድን ለ72 ሰዓት ይሠራል፣ ያሸናፊው ቋንቋም በቀልድ መልክ የሊቆች መሣሪያ ተብሎ ይሞገሳል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ግን ለሠራተኛ ሰው አይመችም።

ለዓመታት ቀድመው የፈቱ 100 ሰዎች በዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ይሰፍሩ ነበር፤ አንደኛው 100 ነጥብ፣ መቶኛው 1 ነጥብ። ቻትጂፒቲ የወጣው ኖቬምበር 30 ቀን 2022፣ ማለትም የዚያ ዓመት ጥያቄዎች ሊጀመሩ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነበር። ዋስትል ሰንጠረዡ እስኪሞላ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አትጠቀሙ ብሎ ቢለምንም በ2024 ጥያቄውን አንብቦ ለመጨረስ በማይበቃ ጊዜ የገቡ መልሶች አናቱን ያዙት። በ2025 ሰንጠረዡ ቀረ። ምክንያቱ ግን ማሽን ብቻ አልነበረም፤ አዘጋጁ እንዳስረዳው ሰንጠረዡ ለእሱም ለብዙ ተሳታፊዎችም ጭንቀት ነበር፣ ከመጠን በላይ አክርረው ሰርቨሩን እስከማጥቃት የደረሱም ነበሩ። እስከ 200 ሰው የሚይዙት የግል ሰንጠረዦች አልተነኩም፤ መሥሪያ ቤቶችና የጓደኛ ቡድኖች ዛሬም ይፎካከሩባቸዋል።

በዚያው ዓመት ቀኖቹ ከ25 ወደ 12 ወረዱ፤ ጥያቄዎቹን ማዘጋጀት የአንድ ሰውን የዓመት ትርፍ ጊዜ የሚበላ ሥራ ነው። ከ2015 እስከ 2025 የወጡት ሁሉ አሁንም ክፍት ናቸው፣ በጠቅላላው 524 ኮከብ፤ የጊዜ ገደብ የለባቸውም፣ በማንኛውም ወር መጀመር ይቻላል።