የአዲስ አበባ አርመኖች በፎቶግራፍ ሥዕል

የአዲስ አበባ የፎቶግራፍ ሙያ ታሪክ ሲጻፍ የቦያጅያን ቤተ ሰብ ስም ሳይነሣ አይታለፍም። የቤቱ መሥራች ቤድሮስ ቦያጅያን በኦቶማን ግዛት በዲያርባክር የተወለደ አርመን ሲሆን፥ በ1898 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። ልጆቹ ሀይጋዝና ቶርኮምም የአባታቸውን ሙያ ወርሰው በቤተ መንግሥቱ አገልግለዋል። ቦያጂ በቱርክኛ ቀለም ነካሪ ማለት ነው፤ ለፎቶግራፍ አንሺ ቤትም የማይስማማ ስም አይደለም።

አርመኖች በዚህ ሙያ የታወቁት በአጋጣሚ አልነበረም። በኢየሩሳሌም በሚገኘው በቅዱስ ያዕቆብ የአርመን ገዳም፥ በኋላ ፓትርያርክ የሆኑት ኢሳይ ጋራቤድያን ገና በ1850ዎቹ ወጣቶችን ፎቶግራፍ ማንሣት ያስተምሩ ነበር። ደግሞም ርስት የሌለው ሰው ከአገር አገር ይዞት ሊሄድ የሚችለው ሀብት የእጁ ጥበብ ነው።

በዚያው በኢየሩሳሌም፥ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1907 ዓ.ም. ከጀመረው እልቂት የተረፉ አርመን ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ሙዚቃ ሲጫወቱ አዩ። አርባዎቹ ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንድያን ጋር ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በሕዝቡም ዘንድ «አርባ ልጆች» ተባሉ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል የተሰማውን የኢትዮጵያ መዝሙር ዜማ የደረሰው ይኸው ናልባንድያን ነው።

የአርባ ልጆች የማኅበር ፎቶግራፍ በብዙ ጽሑፍ ታትሟል። ልጆቹ የማርሽ ልብስ ለብሰው መሣሪያቸውን ይዘው በረድፍ ይታያሉ። የመንግሥትን ታሪክ የሚጽፍ ሰው በዚህ ሥዕል የሚያየው የዘመናዊ ሙዚቃን ጅማሬ ነው። በአርመኑ ቤት ግን ያው ሥዕል የአያት ሥዕል ነው፤ ምናልባትም የዘሩ የመጀመሪያ ሥዕል። ከእልቂት የተረፈ ሕፃን የአባቱንና የእናቱን መልክ በወረቀት ይዞ ይወጣል ተብሎ አይጠበቅምና። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ከየት እንደ መጣ የሚጠየቅ ልጅ ጣቱን የሚያኖረው በአዲስ አበባ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ነው።

በመጻሕፍት የሚታተሙት በብዛት የነገሥታትና የመኳንንት ሥዕሎች መሆናቸው ጉድለት ነው። በየቤቱ ሣጥን የተቀመጡት የሠርግ፥ የክርስትናና የትምህርት ቤት ሥዕሎች ናቸው ስደተኛው መቼ እንግዳ መሆኑን እንደ ተወ የሚያሳዩት። ቦሪስ አጀሚያን የተባለው የታሪክ ሊቅ በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ የእነዚህን ቤተ ሰቦች ትዝታ ከቤተ መንግሥቱ ታሪክ ጋር አያይዞ መመርመሩ ስለዚህ ይመሰገናል።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በመንግሥት ሲወረስ፥ ቀድሞ ከአንድ ሺህ በላይ ከነበሩት አርመኖች ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ፥ ወደ ካናዳና ወደ አውሮፓ ተሰደዱ። ፎቶግራፉም አብሮ ተሰደደ። ያን ጊዜ የሥዕሉ ትርጓሜ ተገለበጠ፤ የጠፋችው አገር በአያቶች ዘመን አናቶሊያ ነበረች፥ በልጅ ልጆቹ ዘመን ግን አዲስ አበባ ሆነች። ከብዙዎቹ ሥዕሎች ጀርባ ስም አልተጻፈም፤ ፊቶቹን ለይተው የሚጠሩት ሽማግሌዎችም ዛሬ ጥቂት ናቸው።