ነፍጥ፣ ዝናርና ደጋ አጋዘን

በአርሲ ደጋ ስለ ጠመንጃ ሲወራ ወሬው ስለ ብረት ብቻ ሆኖ አያውቅም። በሌላው ዓለም አዳኞች ሲገናኙ የሚከራከሩት ስለ ጥይት መጠን፣ ስለ ጫማ፣ ስለ መነጽር ነው። ጎበሳ ላይ ግን «ውጅግራ» የሚል ቃል ከተነሳ ወሬው ወዲያው ወደ ባላባትና ገባር፣ ወደ መሬትና ወደ አያት ስም ይሻገራል። ጠመንጃው እቃ ነው፤ ታሪኩ ግን ከእቃው በላይ ይከብዳል።

ጎበሳ የሽርካ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከአሰላ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከገለማ ተራሮች ወዲያ ማዶ ትገኛለች። ወረዳውን በደቡብ በኩል የዋቤ ሸበሌ ወንዝ ከባሌ ይለየዋል። አገሩ ገብስና ስንዴ የሚያበቅል፣ ፈረስ የሚወድ ደጋ ነው። ከበላዩ ያሉት የአርሲ ተራሮች ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣሉ፤ አስታና ጅብራ የሚበቅልባቸው፣ ጉም ከማለዳ እስከ ረፋድ የማይለቃቸው ቦታዎች ናቸው። በዚህ አገር ጠመንጃ ይዞ መውጣት ምን ማለት እንደነበረና ዛሬስ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ከእቃው ስም መጀመር ይሻላል።

የአገራችን ሰው ለጠመንጃ ያወጣው ስም ራሱ የታሪክ መዝገብ ነው። ውጅግራ የተባለው «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1874 የፈረንሳይ ጦር የታጠቀው መሣሪያ ነበር። ቤልጅግ የሚባለው ከቤልጅግ አገር የመጣው ነው። ስናይድር ከእንግሊዝ ነው። የአፄ ቴዎድሮስን መጨረሻ ለማየት የመጣው የናፒየር ጦር ሲመለስ ለትግራዩ በዝብዝ ካሳ፣ ለኋላው አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ መሣሪያ ትቶ እንደሄደ ይታወቃል። አውሮፓ አዲስ ጠመንጃ በታጠቀ ቁጥር አሮጌው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩል ወደ እኛ ይገባ ነበር። የዚያን ዘመን ኢትዮጵያ ትልቅ የመሣሪያ ገበያ ነበረች።

ውጅግራ 11 ሚሊሜትር ጥይት የሚጎርስ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ መሣሪያ ነው። የሚጠቀመው ጥቁር ባሩድ ሲተኮስ ነጭ ጢስ ስለሚያወጣ የተኳሹን ቦታ ያጋልጣል። የባሩዱ ቅሪት እርጥበት ይስባል። በአርሲ ጉም ውስጥ ሳይታጠብ ያደረ አፈሙዝ ሳይውል ሳያድር ይዝጋል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ባለጠመንጃ የመጀመሪያ ሙያው ተኩስ ሳይሆን ማጽዳት ነበር፤ በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ በጨርቅ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ጢስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን ለቤል ጠመንጃ ሲሠሩ የዓለም ጦርነት መልክ ተቀየረ። ውጅግራ ግን እኛ ዘንድ ገና ብዙ ዘመን ኖረ።

የጥይቱ ነገር ደግሞ ከዚህም ያስገርማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ የውጅግራ ጥይት በብዙ የኢትዮጵያ ገበያዎች እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ማርያ ቴሬዛ ብር ለትልቅ ግዢ፣ አሞሌ ጨውና ጥይት ለትንሹ። የተተኮሰውም ቀለህ ቢሆን አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ እንደገና ይተኮሳል። ዝናር የታጠቀ ሰው በወገቡ ላይ የጦር መሣሪያና የኪስ ቦርሳ አንድ ላይ ይዞ ይዞር ነበር ማለት ነው። ጥይት ገንዘብ በሆነበት አገር ጠመንጃ የክብር መለኪያ መሆኑ አይደንቅም።

እነዚህ መሣሪያዎች ወደ አርሲ የገቡት ግን በንግድ ብቻ አልነበረም። ከ1874 ዓ.ም. ጀምሮ የንጉሥ ምኒልክ ጦር በአጎታቸው በራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ መሪነት አርሲን ለማስገበር ዘመተ። የአርሲ ኦሮሞ በጦርና በጋሻ፣ በፈረስ ላይ ሆኖ ለዓመታት ተከላከለ። አገሩን አንድ ጊዜ ይዞ ማደር አልተቻለም። በመጨረሻ፣ በ1878 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአዙሌ በተደረገው ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ የአርሲ ተዋጊዎች አለቁ። ልዩነቱ የጀግንነት አልነበረም። ፈረሰኛ ጦሩን ለመወርወር መቅረብ አለበት፤ ጠመንጃ ያዡ ግን ከሩቅ ይጠብቀዋል። የሁለት መሣሪያዎች የርቀት ልዩነት የአንድን አገር ዕጣ ወሰነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥርዓት ስሙን ከዚያው እቃ ወሰደ። ነፍጥ ጠመንጃ ነው፤ ነፍጠኛ ደግሞ ባለ ጠመንጃ። መንግሥት ለወታደሩ ደመወዝ የሚከፍልበት ገንዘብ ስላልነበረው ገባር ሰጠው፤ ገባሩ ለወታደሩ እህል ያቀርባል፣ ማገዶ ይለቅማል፣ ቤት ይሠራል። በዚህ መንገድ አንድ የእቃ ስም የማዕረግ ስም ሆነ። ከዘመናት በኋላ ደግሞ ነፍጥ ነክቶ የማያውቀውን፣ በሬ ጠምዶ የሚኖረውን ገበሬ መጥሪያና መስደቢያ ሆነ። የገባርነትን ግፍ መካድ ታሪክን መካድ ነው። የዚያን ሥርዓት ስም በዛሬ ጎረቤት ላይ መለጠፍም እንዲሁ ታሪክን መካድ ነው። ጠመንጃው ከእጅ ወጥቶ ስሙ ብቻ በሰው ላይ ሲቀር፣ ስሙ ራሱ መሣሪያ ይሆናል።

አደንም በዚያ ዘመን ከዚሁ ክብር ጋር የተያያዘ ነበር። አንበሳ፣ ዝሆን፣ ጎሽ፣ አውራሪስ የገደለ ሰው ፎክሮ ይገባል፤ ግዳዩ ስም ያስገኝለታል። የሥጋ ጉዳይ አይደለም፤ የማዕረግ ጉዳይ ነው። የውጭ አዳኞችም ሲመጡ የፈለጉት ያንኑ ስም ነበር። በ1900 ዓ.ም. አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ከዝዋይ ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ ባሉት ተራሮች ላይ አንድ ትልቅ አጋዘን ገደለ። ቆዳውና ቀንዱ ለንደን ደርሶ ሪቻርድ ሊዴከር የተባለው ሊቅ ለሳይንስ አዲስ ዝርያ መሆኑን አሳወቀ፤ ስሙንም ከአዳኙ ስም ወስዶ «በክስተኒ» አለው። የአካባቢው ሰው ለዘመናት ሲያየው የኖረው እንስሳ በገዳዩ ስም ተመዘገበ። ይህ ደጋ አጋዘን ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ግራም ሊመዝን፣ ቀንዱም ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

የድሮ ሳንቲም ያስቀመጠ ሰው በ1969 ዓ.ም. የወጡትን አውጥቶ ይመልከት። በአሥር ሳንቲሙ ላይ ያለው ደጋ አጋዘን ነው። በአምስት ሳንቲሙ ላይ ያለው ደግሞ ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው። ሁለቱ በአንድ ኪስ ውስጥ አብረው ሲንኳኩ ኖረዋል። በዋጋ አጋዘኑ የባለጠመንጃውን እጥፍ ነው፤ በተራራው ላይ ግን ዋጋው ተገልብጦ ነበር።

ይህ በግልጽ የታየው በ1983 ዓ.ም. ነው። የደርግ ሠራዊት ሲበተን መሣሪያው በየመንደሩ ተበተነ። ከዋቤ ማዶ፣ በ1962 ዓ.ም. በተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ የጥበቃ ኬላዎች ተዘረፉ፤ ለዓመታት በጥበቃ የበዛው የደጋ አጋዘን መንጋ በአጭር ጊዜ ውስጥ ክፉኛ ተመታ። ሕዝቡ ፓርኩን የወደቀው መንግሥት ንብረት አድርጎ ያየው ስለነበር ቁጣው በእንስሳቱ ላይ ወረደ። መንጋው ቀስ በቀስ ያገገመው ጥበቃው ሲመለስ ነው። የባሌ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ጥፋቱን ሁሉ በጠመንጃ ማላከክ ግን ትክክል አይሆንም። በአርሲ በኩል አጋዘኑን ወደ ላይ ገፍቶ ገፍቶ ጫፍ ያደረሰው ማረሻ ነው። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ «ካዱ» የሚባለው፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አስፋፋ፤ ምርትም ጨመረ። ትርፉን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኛውን አፈናቀሉ። መሬት ያጣ ሰው ወደ ተዳፋት ይወጣል፤ አስታው ይቃጠላል፣ ገብስ ይዘራል፣ ከብት ይሰማራል። ዛሬ የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጭላሎ ገለማን፣ ካካን፣ ሁንቆሎንና ዴራ ድልፈቃርን ይዞ በስም አለ። ድንበሩን በየዓመቱ የሚፈትነው ግን ከአዳኙ ይልቅ የሚያርሰው አጥቶ ሽቅብ የሚወጣው ወጣት ነው።

ታዲያ ዛሬ ጎበሳ ላይ ጠመንጃና ተራራ የሚወድ ሰው ምን ይያዝ? መልሱ ከሕግ ይጀምራል። የዱር እንስሳት አዋጅ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ሕጋዊው የደጋ አጋዘን አደን በኮታ የሚፈቀድና በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚከፈልበት ስለሆነ ከሞላ ጎደል ለውጭ አገር አዳኝ የተተወ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ያልተመዘገበ መሣሪያ መያዝን ወንጀል ያደርገዋል። «የአባቴ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም።

በሕጋዊ መንገድ መሣሪያ ለያዘ ሰው የሚሰጠው ምክር አጭር ነው። ቤት ሲገባ ጥይቱ ይውጣ፤ ጠመንጃው ለብቻው፣ ጥይቱም ለብቻው ይቆለፍ። ያረጀ ጥይት አይታመንም፤ ናሱ ይሰነጠቃል። ተስቦ ካልተኮሰ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ እንደያዙ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ያሻል፤ ባሩዱ ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮስ ጥይትም ሰማይ ላይ አይቀርም። ሲወርድ የጎረቤት ልጅ ይገድላል።

ለተራራው ደግሞ ጠመንጃ አያስፈልግም። ጋቢ ደረቅ ሲሆን ይሞቃል፤ ከራሰ ግን ሸክም ነው። ስለዚህ ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ዝናብ የማያስገባ ልብስ ይሻላል። በክረምት ከስኒከር ይልቅ ቦቲ ጫማ ይመረጣል። 8 እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያቀርበው እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉን ያወዛውዛል። አጋዘኑ ቀን አስታ ውስጥ ተደብቆ ስለሚውል መውጣት ያለበት ከንጋት በፊት ነው። ተኩስ በሚሰማበት ተራራ ደግሞ ጭራሹን በሌሊት ብቻ መውጣት ይለምዳል። ጠመንጃ ይዞ ከሚመላለስ ሰው ይልቅ ባዶ እጁን ዝም ብሎ የተቀመጠው ብዙ ያያል።

ይህ ሁሉ ምክር የቅንጦት የሚመስልበት ቀን እንዳለ ግን መታወቅ አለበት። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በሽርካ ወረዳ ሲቪሎች በታጣቂዎች ተገድለዋል፤ ከዚያም ወዲህ በአካባቢው የሰላማዊ ሰዎች ግድያ አልቆመም። በዚህ መሐል ገበሬው በሬውን ሸጦ ጠመንጃ ለመግዛት ቢያስብ የሚፈርድበት ሰው ከሩቅ ሆኖ ነው የሚፈርደው። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። ግን ሒሳቡም እውነተኛ ነው። በሬው ሲሸጥ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ አብሮ ይሸጣል። አንዱ ሲታጠቅ ጎረቤቱም ይታጠቃል። መንደሩ በሙሉ ሲታጠቅ ደግሞ ቀድሞ የሚተኩሰው ነው የሚያተርፈው፤ ይህ ደግሞ የአዙሌ ሒሳብ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ለባለጠመንጃው ብቻ የሚቀርብ አይደለም። ገበሬ በሬውን በጠመንጃ እንዳይለውጥ የሚያደርገው ምክር ሳይሆን ሌሊት ሲጮህ የሚደርስለት፣ ማንነቱን የማይጠይቅ ጥበቃ ነው። ያንን መስጠት የመንግሥት ሥራ ነው፤ መሣሪያ መመዝገብ የዚህ ሥራ ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ እስካልተሠራ ድረስ አዋጁ ወረቀት ላይ ይቀራል፣ ጠመንጃው ግን አልጋ ሥር ይኖራል።