የደረቀ ናሙና ምስክርነትና ወሰኑ፦ አስክሌፒያስ ሚዲአይ በአሜሪካ የሣር ሜዳ

አኅጽሮት

በሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች በሚጠበቁበት ስብስብ) የተቀመጠ የቆየ ናሙና አንድ ተክል በተወሰነ ቦታና ጊዜ እንደነበረ ያረጋግጣል። ስለ ብዛቱም ሆነ ስለ አለመኖሩ ግን ብቻውን ሊመሰክር አይችልም። ይህ መጣጥፍ ነጥቡን በአንድ ብርቅ ዝርያ ታሪክ ያሳያል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተክሉና ሰብሳቢው

አስክሌፒያስ ሚዲአይ ሲቆረጥ ወተት መሳይ ፈሳሽ የሚያወጣ፣ በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ ረጃጅም ሣር በሚበቅልባቸው ሜዳዎች የሚኖር ተክል ነው። በግንዱ ጫፍ ላይ ወደ ታች ያዘነበለ አንድ የአበባ ዘለላ ይይዛል። ስያሜው በኢሊኖይ ግዛት በኦገስታ ከተማ ለኖረው ሐኪም ለሳሙኤል ባርነም ሚድ መታሰቢያ ነው። ሚድ ተክሉን በ1840ዎቹ ሰበሰበ፤ የዕፅዋት ተመራማሪው ጆን ቶሪ ያወጣለትን ስም ሌላው ተመራማሪ አሳ ግሬይ በ1856 አሳተመው። በዚያው ግዛት ጆን ዲር የሜዳውን ተጣባቂ አፈር የሚገለብጥ የአረብ ብረት ማረሻ የሠራው በ1837 ነበር። ስለዚህ ሚድ ናሙናውን ያነሣው ማረሻው ሜዳውን ከመጨረሱ በፊት ነው።

ናሙናው የሚለውና የማይለው

ተክሉ ቀድሞ በዊስኮንሲንና በኢንዲያና ይበቅል እንደነበር፣ በኋላም ከሁለቱም ግዛቶች እንደጠፋ የምናውቀው በእንዲህ ዓይነት መዛግብት ነው። የአሜሪካ ፌዴራላዊ መንግሥት በ1988 ሥጋት የተደቀነባቸው ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ሆኖም ሰብሳቢ የሚሰበስበው እግሩ ከደረሰበት ነው። የኦገስታ ናሙና ከተክሉ ሌላ የሚድን መኖሪያም ይጠቁማል። ሰብሳቢዎች ለመለየት የሚመች አበባ ያለውን ተክል ስለሚመርጡም፣ ፍሬ የያዘ ናሙና አለመገኘቱ ተክሉ አላፈራም አያሰኝም።

የዚህ ዝርያ ትልቁ ጥያቄ ግን ማፍራቱ ነው። ተክሉ በራሱ ብናኝ ዘር አይሰጥም። ለድርቆሽ በሚታጨድ ሜዳ ላይ ፍሬው ሳይበስል ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰነብተው ከመሬት በታች በሚዘረጋ ግንዱ ነው። በ1990ዎቹ የተደረጉ የዘረመል ጥናቶች በየጊዜው በእሳት የሚጠረግ ሜዳ በዘረመል የተለያዩ ብዙ የዚህ ዝርያ ተክሎች እንደያዘ፣ የሚታጨደው ሜዳ ግን ጥቂት ብቻ እንደቀሩበት አሳይተዋል። አሥር ግንድ የቆመበት ሜዳ አንድ ተክል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከመሬት በላይ ያለውን ክፍል ብቻ የያዘ ናሙና ይህን አይነግረንም።

መደምደሚያ

ናሙና ሙሉ ዋጋውን የሚያገኘው ከመሬቱ ታሪክና ከዘረመል ጥናት ጋር ሲነበብ ነው። ተመራማሪው ሮበርት ቤትዝ ማረሻ ባልነካቸው የሰፋሪዎች መቃብር ቦታዎችና በባቡር ሐዲድ ዳር የሜዳ ቅሪቶችን የፈለገው መሬቱን በዚህ መንገድ በማንበብ ነበር። በኢሊኖይ የሚገኘው የዕፅዋት ተቋም የሞርተን አርቦሬተም ተመራማሪዎችም ተክሉን ወደ ኢሊኖይና ኢንዲያና ለመመለስ ሠርተዋል። ተመልሶ የሚተከለው ተክል ዘር እንዲሰጥ ከተለያዩ ምንጮች መምጣት አለበት። ስለዚህ ናሙናዎች ወደ ዲጂታል መዝገብ ሲገቡ ሰብሳቢው ስለ ቦታው የጻፈው ማስታወሻ አንድም ቃል ሳይቀነስ መስፈር ይኖርበታል፤ የዝርያውን የቀድሞ መኖሪያ ፈልጎ ለማግኘት ያ ማስታወሻ ከተክሉ ሥዕል እኩል ያስፈልጋል።