በነፃ የሚሠሩልንን የድረ ገጽ ባለሙያዎች እንታገሣቸው

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጉንደ ወይን ተቀምጠው ስልክዎን ሲከፍቱ የአማርኛው ጽሑፍ ሳይበላሽ ይታይዎታል። እዚህ ለመድረስ ግን ብዙ ዓመት ፈጅቷል፤ ብዙውም ያለ ክፍያ የተሠራ ነው።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለ ዘዴ አዘጋጅተው አማርኛን በላቲን ፊደላት መጻጻፍ ተችሎ ነበር፤ ትንሿ የላቲን «ቲ» ለ«ት»፣ ትልቋ ደግሞ ለ«ጥ» ትቆማለች። (ዓይን ቢያደክምም ለዚያ ጊዜ እፎይታ ነበር።) ድረ ገጾችም የየራሳቸውን ፎንት ይጠቀሙ ስለነበር ፎንቱ የሌለው ሰው ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ያይ ነበር። ፊደላችን በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 ነው። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ደግሞ ሌሎች የግዕዝ ፊደላት ተጨመሩ።

ውክፔዲያንም ይመልከቱ። ማግኑስ ማንስከ የተባለ ጀርመናዊ ተማሪ የጻፈለት ፕሮግራም በ2002 መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ፤ ጎብኚ ሲበዛ ግን መጎተት ጀመረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ሌላው በጎ ፈቃደኛ ሊ ዳንኤል ክሮከር እንደገና በጻፈው ተተካ። የመጀመሪያው ሥራ ጉድለት ነበረበት፤ ያለ እርሱ ግን ሁለተኛው ባልመጣም ነበር።

አሁን ወደ እኛ ችግር እንምጣ። «ፀሎት» ብለው ሲፈልጉ «ጸሎት» ተብሎ የተጻፈው ላይመጣልዎ ይችላል፤ «እየሱስ» እና «ኢየሱስ»ም እንዲሁ። ለእኛ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «አንድ አድርጉልን፣ ምን ያስቸግራል?» እንል ይሆናል። ነገር ግን «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ «ሰረቀ» ማለት ሌብነት መሆኑን የሚለይ ጸሐፊ አለ። ፈላጊው ሁለቱንም እንዲያገኝ፣ ጽሑፉም እንደ ተጻፈ እንዲቆይ ማድረግ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ባለሙያው አማርኛ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ችግሩ መኖሩን እንኳ የሚያውቀው እርስዎ ሲነግሩት ነው።

ስለዚህ ሲጽፉለት «አይሠራም» ብለው አይተዉት። የትኛው ገጽ እንደሆነ፣ በምን ስልክ እንደከፈቱት፣ ምን ጽፈው ምን እንደመጣልዎ ይንገሩት፤ ከተቻለ የስክሪኑን ፎቶ ያያይዙ። መልሱ ሳምንታት ቢዘገይ አይቀየሙ፤ ሰውየው ከእንጀራ ሥራው ተመልሶ ማታ የሚሠራው ነው። የይለፍ ቃልዎ ወይም ገንዘብዎ አደጋ ላይ ከሆነ ግን አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለገጹ ኃላፊዎች ያሳውቁ። ተስተካክሏል ሲልዎ ደግሞ ያንኑ ቃል መልሰው ፈልገው ያገኙትን ይጻፉለት፤ በጉንደ ወይን ኔትወርክ ገጹ ምን ያህል እንደሚቆይ እርሱ ካለበት ሆኖ ሊያይ አይችልም።